ያውቁ ኖሯል? አህያዋ አርጅታ ነው ወይስ ታማ?

በአሶሳ ዙሪያ ውኃና እህል የምታመላልስ አህያ ከስታ፣ ፀጉሯ ቆሞ፣ እግሯን እየጎተተች ሲያዩ «አረጀች» ብለው አይተዉአት። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የቆላ ዝንብ ያለበት ምድር ነው። ዝንቡ የሚያስተላልፈው ገንዲ የተባለ በሽታ ደም እያሳነሰ ወጣቷን አሮጊት ያስመስላታል። እርጅና መድኃኒት የለውም፤ ገንዲ ግን በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል።

ሁለቱን የሚለየው ከጆሮ ደም ሥር የሚወሰድ ጥቂት ደም ነው። በቀጭን የመስታወት ቱቦ ገብቶ በማሽን ሲሽከረከር ቀዩ ሕዋስ ከታች ይረጋል። ከላዩ ያለው ስስ ነጭ ሽፋን በማይክሮስኮፕ ሲታይ የገንዲ ጥገኛ ተሕዋስ ሲርመሰመስ ሊገኝ ይችላል። የቀዩ ዓምድ ቁመት ደግሞ ደሟ ምን ያህል እንዳነሰ ያሳያል። እንዲህ ያለው ምርመራ በአሶሳ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይሠራል።

ዕድሜዋንስ? ጥርሷን ይዩ። የፊት የወተት ጥርሶች 2 ዓመት ተኩል ገደማ መለወጥ ይጀምራሉ፤ ወደ 5 ዓመት ሲጠጋ ቋሚዎቹ ይሟላሉ። ከዚያ በኋላ ያለው በጥርስ መበላት የሚደረግ ግምት ነው። በደንብ የተያዘች አህያ ከ30 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች፤ ስለዚህ የ8 ዓመቷን አርጅታለች ብሎ መጣል ግፍ ነው።

ውሻ ላይም እርጅና ከሕመም ተለይቶ እየተጠና ነው። አሜሪካዊቷ የእንስሳት ሐኪም ኬት ክሪቪ በዋና ሐኪምነት ያገለገሉበት «የውሻ እርጅና ፕሮጀክት» በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾችን ከየባለቤቶቻቸው ቤት ሳይወጡ ለዓመታት ይከታተላል። ግዙፍ ውሾች በአብዛኛው ከትናንሾቹ ቀድመው ያረጃሉ።