በጭን ላይ ያለው ልጅም ተሳፋሪ ነው

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ጥያ ይደረሳል። እንግዳው ከተማዋን የሚያውቃት እ.ኤ.አ. በ1980 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት በመዘገባቸው ትክል ድንጋዮች ነው። ለአካባቢው ሰው ግን ጥያ ከሁሉ በፊት መንገድ ዳር ቆሞ ሚኒባስ የሚጠበቅባት ቦታ ናት።

ከመንገድ ዳር የሚሳፈር ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ቀድሞ የሞላ መኪና ነው። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል፤ አያትዬዋን ደግሞ «እማማ፣ ልጁን ጭንዎ ላይ ያድርጉት» ይላቸዋል። የልጅ ሒሳብ ስለማይከፈል እሳቸውም ደስ ይላቸዋል። ለመስቀል አገር ቤት የሚገባው ሕዝብ ሲበዛማ «ወንበር ይሰጠኝ» ብሎ የሚከራከር ሰው እንደ ጠበኛ ይታያል።

ነገር ግን መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ቢጋጭ፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በግጭቱ ቅጽበት ክብደቱ ከ10 እጥፍ በላይ ይሆናል። ያን የሚችል የአያት ክንድ የለም፣ የአባትም ቢሆን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ለሕፃናት የተሠራ መቀመጫ የሞት አደጋን እስከ 60 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። በእኛ ሚኒባስ እንዲህ ያለ መቀመጫ መጠበቅ ቅንጦት ነው። ለልጁ የራሱን ወንበር ከፍሎ ከኋላ ማስቀመጥ ግን የአንድ ሰው ሒሳብ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

አደጋ ከደረሰስ ተጠያቂው ማነው? በወንጀል በኩል በመጀመሪያ የሚጠየቀው ሾፌሩ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 መሠረት በቸልተኝነት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው የገደለ፣ ወይም ግልጽ የሆነ ደንብን አውቆ ጥሶ ሰው የገደለ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። «ሁሉም ትርፍ ይጭናል» የሚለው መልስ ፍርድ ቤት አያድነውም።

ካሳው ሌላ ጉዳይ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም መኪና ያለ መድን መንገድ ላይ እንዳይወጣ ያዛል፤ የመድን ምልክቱም በፊት መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ከመሳፈርዎ በፊት እሱን ማየት ነውር የለውም። አዋጁ ሲወጣ ለሞትም ሆነ ለአካል ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። ለአስቸኳይ ሕክምናም እስከ 2,000 ብር ፈቅዶ ነበር። መኪናው መድን ከሌለው ወይም ገጭቶ ካመለጠ ተጎጂው የሚሄደው ወደ መድን ፈንዱ ነው።

ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል (አንቀጽ 2081)። ነገር ግን ጎረቤት በደግነት፣ ያለ ክፍያ ካሳፈረን ነገሩ ይለወጣል፤ ያኔ ካሳ ለማግኘት የአድራሹን ጥፋት ማስረዳት ያስፈልጋል። ይህ በነፃ አትሳፈሩ ለማለት አይደለም፤ የገጠር ኑሮ ያለ ሊፍት አይሆንም።

ከመናኸሪያ የሚሳፈር ሰው ትኬቱን መያዝ ይገባዋል፣ የመጓዙ ማስረጃ ነውና። ከጥያ መንገድ ዳር ያለ ትኬት የተሳፈረ ደግሞ የሰሌዳ ቁጥሩን በስልኩ ይመዝግብ ወይም ለልጆቹ ይላክ። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ የሚቀርበው በ2 ዓመት ውስጥ ስለሆነ፣ ቤተሰቡ ለቅሶውን ሲወጣ የፖሊስ ሪፖርቱንና የሐኪም ማስረጃውን መሰብሰብ አለበት።