ያውቁ ኖሯል? የዘማች ጓዝ ስንት ጉድ ተሸክሟል!

ያውቁ ኖሯል? ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ሲዘምት ባቡር የተሳፈረው እዚሁ ቂርቆስ ውስጥ ነው! ለገሃር! ጊዜው ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነበር። ጅቡቲ ሲደርሱ መርከብ ጠበቃቸው። ከዚያማ ባሕር፣ አሁንም ባሕር፣ በመጨረሻ የኮሪያዋ ወደብ ፑሳን!

ስሙስ ከየት መጣ? ከፈረስ! ቃኘው የራስ መኮንን የጦር ፈረስ ነበር። የሐረሩ ጌታ ፈረስ በኮሪያ ተራራ ላይ ስሙ ሲጠራ ይታይዎ!

ፑሳን ላይ ትጥቁ ሁሉ ተለወጠ! የክቡር ዘበኛ ልጆች የአሜሪካ መሣሪያ ተረከቡ፤ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰለፉ። ቀጥሎ ክረምቱ መጣ፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚወርድበት ክረምት! ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተፈራርቀው ዘመቱ። ከ120 በላይ ወደቁ። የተማረከ ግን አንድም የለም! አንድም! የወደቁትም ባዕድ አፈር አልቀሩም፤ አጽማቸው ያረፈው አዲስ አበባ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው!

የዚያን ዘመን የአሜሪካ የብረት ቆብ አንድ ቆብ እንዳይመስልዎ! ሁለት ነው! ላዩ ብረት፣ ውስጡ ቀላል ቆብ። ወታደሩ ብረቱን ነጥሎ ፊቱን ይታጠብበታል፣ ውኃ ያፈላበታል፣ ሲደክመው ይቀመጥበታል! በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብቻ ከ20 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል!

ካዛንቺስ በኢሲኤ በር ሲያልፉ የተባበሩት መንግሥታትን ሰማያዊ ባንዲራ ያዩ የለ? የሰላም አስከባሪው ሰማያዊ ቆብ የተወለደው ከዚሁ ከአሜሪካ ቆብ ነው! እ.ኤ.አ. በ1956 ወደ ስዊዝ ቦይ ለሚሄደው የተባበሩት መንግሥታት ጦር መለያ በአስቸኳይ ተፈለገ። ሰማያዊ ቤሬታ አሠርቶ ለማድረስ ሳምንታት ይፈጃል ተባለ። ማን ይጠብቃል! የውስጡን ቆብ ሰብስበው ሰማያዊ ቀለም ረጩበት!

ግማሽ ድንኳን ተሸክሞ የሚዘምት ወታደር ሰምተው ያውቃሉ? እያንዳንዱ አሜሪካዊ ወታደር የሚይዘው ግማሹን ብቻ ነበር! ማታ ጓደኛውን ይፈልጋል፣ ሁለቱን ሸራ ይገጥማሉ፣ አብረው ይተኛሉ!

የጫካው ሃሞክ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው! ይህ በሁለት ዛፍ መካከል የሚንጠለጠል የወታደር አልጋ ጣሪያ አለው! አጎበር አለው! ዚፕ አለው! ወለሉ እንኳ ድርብ ነው፤ ትንኝ ከሥር መጥታ በጨርቁ በኩል እንዳትናደፍ! ዛሬ አሮጌ የጦር ሜዳ ዕቃ የሚያሰባስቡ ሰዎች ጨርቁ ሳይቀደድ፣ አጎበሩ ሳይበላ የቆየ አንድ ሃሞክ ሲያገኙ ዓለማቸውን ነው የሚያዩት! እውነታቸውን ነው።

ሃሞኩን በፓናማ ጫካ እየፈተኑ ካዘጋጁት ሰዎች አንዱ ክሬሰን ኪርኒ የሚባል አሜሪካዊ መኮንን ነበር። ይኸው ሰው በኋላ ምን ጻፈ ይመስልዎታል? ከኑክሌር ጦርነት የመትረፊያ ዘዴ የሚያስተምር መጽሐፍ!

ሃሞክ ጥይትም ይከላከላል ቢባሉስ? በድሮ የጦር መርከብ ላይ መርከበኞች ጠዋት ጠዋት ሃሞካቸውን ጠቅልለው በመርከቡ ጠርዝ ይደረድሩት ነበር። ውጊያ ሲነሳ ምሽግ ይሆናል! መርከበኛው ሲሞት ደግሞ እዚያው ሃሞኩ ውስጥ ተሰፍቶ ባሕር ይገባል! አልጋ፣ ምሽግ፣ ከፈን!

እኛስ ጫካ ዘምተን እናውቃለን? እንዴታ! ጠቅል ብርጌድ ኮንጎ ዘምቷል፤ የመጀመሪያዎቹ ወታደሮቻችን የሄዱት በ1952 ዓ.ም. ክረምት ነው። ኮሪያ የዘመተውን የኢትዮጵያ ጦር የመሩት ከበደ ገብሬ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 በኮንጎ የመላው የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ ሆኑ! የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፣ የሁሉም!

አሮጌ ኮዳ ወይም የሸራ ዝናር ቤትዎ ካለ አንዴ ያገላብጡት! የዶሮ እግር የመሰለች ትንሽ ቀስት ታትማበት ካዩ የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ነበር ማለት ነው! እንግሊዞች ይህችን ቀስት ከመድፍ እስከ ኮዳ ሲያትሙ ኖረዋል። የአሜሪካው ዕቃ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሠሪውን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ይዞ ይገኛል። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲነሳ ስንቱ ቤት ጓዙን ጠቀለለ! እባክዎ፣ የአያትዎን የቆርቆሮ ሳጥን ሳይከፍቱ አይጣሉ!

ጀሪካንም ዘማች ነው! ጀርመኖች ለጦራቸው የሠሩት የ20 ሊትር የነዳጅ ዕቃ ነበር። ሦስት እጀታ ለምን አስፈለገው? ሁለት ሰው አንዱን ሙሉ ጀሪካን ከግራና ከቀኝ ይዞ እንዲሸከም፤ አንድ ሰው ደግሞ በአንድ እጁ ሁለት ባዶ ጀሪካን እንዲያነጠለጥል! እንግሊዞች ማርከው አዩት፣ ወደዱት፣ ገለበጡት!

የኛ የጥንቱ ጦር ስንቅስ? በሶ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ! ሴቶቹ ደግሞ ወፍጮ ተሸክመው ይዘምቱ ነበር! ድንጋይ! ያንን ሁሉ ዳገት!

በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ከህንድ 44 ዝሆኖች አምጥቷል! ሲመለስ የመቅደላን ዝርፊያ ለመጫን 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈለገው!

ማሞ ወልዴም ኮሪያ ደርሶ የተመለሰ ወታደር ነው! በሜክሲኮ ኦሎምፒክ በማራቶን ወርቅ ሲያጠልቅ 36 ዓመቱ ነበር!

ኮሪያዎቹ ደግሞ ቹንቾን በምትባል ከተማ ለቃኘው ሐውልት አቆሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ተገኝተውበታል። በዚያው ዓመት ከሐውልቱ አጠገብ አንድ ቡና ቤት ተከፈተ። ስሙ ማን ይመስልዎታል? «ኢትዮጵያ ቤት»!