ስስና ወፍራም ብረት በአንድነት ሲበየድ ስለ ኮረንቲ አመራረጥ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በጎፋ፣ በመካኒሳና በላፍቶ መንገዶች ዳር የግቢ በርና የመስኮት ፍሬም የሚሠሩ የብረታ ብረት ቤቶች ይገኛሉ። እዚያ ከሚሠሩት ዕቃዎች መካከል የብየዳን ችግር አሟልቶ የሚያሳየው የግቢ በር ነው። የበሩ ሽፋን ላሜራ፣ አካሉ ቱቦላሬ ሲሆን ማጠፊያው የሚያርፍበት ግን ወፍራም ብረት ነው። ስለዚህ በያጁ ግድግዳው 1.5 ሚሊሜትር የሆነውን ቱቦላሬ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ብረት ጋር ማገናኘት ግድ ይሆንበታል። የበሩም ክብደት የሚንጠለጠለው በዚሁ መገጣጠሚያ ላይ ነው፤ ብየዳው ከለቀቀ በሩ የሚወድቀው በከፋቹ ላይ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው፣ ማሽኑ የሚስተካከለው ለስሱ ነው ወይስ ለወፍራሙ? የሚል ነው። ስስ ብረት መበሳቱ ወዲያው ስለሚታይ፣ ብዙ ጊዜ ኮረንቲውን ለስሱ ዝቅ የማድረግ ዝንባሌ አለ። እንዲህ የተሠራው ብየዳ ሲያዩት ያምራል፤ ቀለም ሲቀባም ጉድለቱ አይታወቅም። ነገር ግን ወፍራሙ ብረት ስላልቀለጠ፣ የኤሌክትሮዱ ብረት በድንጋይ ላይ እንደ ተንጠባጠበ ሰም በላዩ ዐረፈ እንጂ አልተዋሐደም። የዚህ ጽሑፍ አሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ ኮረንቲው የሚመረጠው ወፍራሙን ማቅለጥ እንዲችል ነው፤ ስሱን ከመበሳት የሚጠብቀው የእጅ አያያዝ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የሙቀትን አካሄድ መመልከት ያስፈልጋል። ተራው የግንባታ ብረት የሚቀልጠው በ1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በስስ ላሜራ ላይ ያረፈ ሙቀት መሄጃው ወደ ጎንና ወደ ጎን ብቻ ስለሆነ እዚያው ይከማቻል። በወፍራም ብረት ላይ ግን ወደ ጎንም ወደ ታችም ስለሚበተን ቦታው ቶሎ ይቀዘቅዛል። ዳንኤል ሮዘንታል በ1946 እ.ኤ.አ. ስለ ተንቀሳቃሽ የሙቀት ምንጭ ባወጣው ጥናት ለስስና ለወፍራም ብረት የተለያየ ቀመር መስጠቱ ከዚህ የተነሣ ነው። ስለሆነም አንዱን ብረት የሚበሳው ሙቀት ሌላውን ሳያቀልጠው ሊቀር ይችላል።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። ለ2.5 ሚሊሜትር ተራ ኤሌክትሮድ የተለመደው ኮረንቲ ከ60 እስከ 100 አምፔር ነው። የቅስቱ ቮልቴጅ በግምት 20 ሲደመር የአምፔሩ 0.04 እጅ ነው። ከኃይሉ 80 በመቶው ወደ ብረቱ ይገባል፣ የእጁም ፍጥነት በሴኮንድ 3 ሚሊሜትር ነው ብንል፣ በ60 አምፔር እያንዳንዱ ሚሊሜትር ብየዳ 358 ጁል ያህል ሙቀት ያገኛል። በ90 አምፔር ግን 566 ጁል ያህል ይደርሰዋል። ቁልፉ በ30 አምፔር ከፍ ሲል ሙቀቱ ከግማሽ በላይ ጨመረ ማለት ነው። 60 አምፔር ስሱን ከስሱ ጋር ለማገናኘት ይበቃል፤ ለ6 ሚሊሜትሩ ግን ያንሳል።

ከላይ ለተነገረው መገጣጠሚያ ከ80 እስከ 90 አምፔር ጥሩ መነሻ ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ሁለቱ ብረቶች ክፍተት ሳይኖር ይጋጠሙ፤ ክፍተት ካለ የስሱ ጠርዝ ወዲያው ቀልጦ ይሸሻል።

ሁለተኛ፣ ቅስቱ በወፍራሙ ላይ ይጀመር፤ ፍጻሜውም በወፍራሙ ላይ ይሁን።

ሦስተኛ፣ የኤሌክትሮዱ ጫፍ ወደ ወፍራሙ ያዘንብል። ከጊዜው ከሦስት ሁለት እጁ በወፍራሙ ላይ ይዋል፤ ስሱ የሚቀልጠው የቀለጠው ብረት ኩሬ ሲነካው ነው።

አራተኛ፣ ብየዳው በአጫጭር መስመር እየተከፈለ ይሠራ፤ ስሱ በየመካከሉ ይቀዝቅዝ።

የብየዳውን መጠን በሚመለከት ደግሞ የአሜሪካ ብየዳ ማኅበር የመዋቅራዊ ብረት ደንብ ጠቃሚ አሳብ ይዟል። ደንቡ ከ3 ሚሊሜትር ለሚያንስ ብረት የወጣ አይደለም። ሆኖም ዝቅተኛ ሃይድሮጅን ባልሆነ ኤሌክትሮድ፣ ብረቱ አስቀድሞ ሳይሞቅ ሲበየድ፣ የማዕዘን ብየዳው ዝቅተኛ መጠን በወፍራሙ ብረት እንዲወሰን፣ ነገር ግን ከስሱ ውፍረት መብለጥ እንደማያስፈልገው ይደነግጋል። ከዚህ የምንማረው፣ ሙቀቱን የሚጠይቀው ወፍራሙ መሆኑን፣ የብየዳውን ግዝፈት የሚገድበው ግን ስሱ መሆኑን ነው። ስለዚህ ብየዳ መቆለል ብርታት አይጨምርም።

በመጨረሻም በማሽኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በትራንስፎርመር የሚሠራ ማሽን፣ የ220 ቮልቱ መስመር ሲዳከም የሚሰጠው ኮረንቲም አብሮ ይቀንሳል፤ ጧት የበቃው ማስተካከያ ማታ ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ከሥራው በፊት ከሁለቱ ብረቶች ቁራጭ ወስዶ በአንድ ወገን ብቻ መበየድ፣ ከቀዘቀዘም በኋላ ወፍራሙን በሞርሳ አስሮ ስሱን ወደ ብየዳው ወገን በመዶሻ ማጠፍ ይገባል። ስሱ ተቀዶ ብየዳው በወፍራሙ ላይ ከቀረ ምርጫው ትክክል ነው። ብየዳው ከወፍራሙ ላይ ተላቆ ሥሩ ለስላሳ ሆኖ ከተገኘ ግን አልተዋሐደምና ኮረንቲው ከፍ ይበል። ይህ ፈተና የሚጠይቀው አንድ ኤሌክትሮድና ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በሩን ሰቅሎ ከመፈተን እጅግ ይሻላል።