ፍላጻ ቀጥ ብሎ አይበርም

ፍላጻ ከደጋኑ እንደወጣ ቀጥ ብሎ ዒላማው ላይ ይተከላል የሚለው እምነት የፊልም ውርስ ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ባለሙያ ክላረንስ ሂክማን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በፈጣን ካሜራ የቀረጸው ምስል ግን ሌላ ነገር አሳየ። አውታሩ ከጣት ሲለቀቅ ትንሽ ወደ ጎን ይሸሻል። ከኋላ በድንገት የተገፋውን ዘንግ የፊቱ ብረት በክብደቱ ስለሚይዘው መሃሉ ይጎብጣል፤ ወዲያው ወደ ሌላኛው ጎን ይጎብጥና እንደ እባብ እየተጥመለመለ የደጋኑን እጀታ ዞሮ ያልፋል።

ስለዚህ «ዘንግ በጠነከረ ቁጥር ይሻላል» የሚለውም አያስኬድም። ከሚገባው በላይ ግትር የሆነ ዘንግ በቀኝ እጁ ለሚስብ ተኳሽ ወደ ግራ ይሄድበታል፤ በጣም የሚለምጠው ወደ ቀኝ። ግትርነቱ ስፓይን በሚባል ቁጥር ይለካል፦ ዘንጉ 28 ኢንች በተራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ ይጋደምና መሃሉ ላይ 880 ግራም ገደማ ይንጠለጠልበታል። ግማሽ ኢንች ከረገበ ስፓይኑ 500 ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ግትርነቱ ይጨምራል ማለት ነው፤ ጀማሪን የሚያምታታ አቆጣጠር! ደግሞም ያንኑ ዘንግ ቢያሳጥሩት ይገትራል፣ ከባድ ጫፍ ቢገጥሙለት ይለምጣል።

«አቅጣጫ የሚያስይዘው ላባው ነው» መባሉ ግማሽ እውነት ነው። ላባው ጭራውን በአየር ግጭት ወደኋላ እየያዘ ውዝዋዜውን ያበርዳል፤ ሰያፍ ከተለጠፈ ፍላጻውን ያሾረዋል። ከደጋኑ ጋር ያልተስማማ ዘንግን ግን ጉድለቱን ይሸፍንለታል እንጂ አያድነውም። ለዚህም ነው ልምድ ያላቸው ተኳሾች አንድ ላባ አልባ ዘንግ ላባ ካላቸው ጋር አብረው የሚተኩሱት። ባዶው በየት በኩል ተነጥሎ እንደተተከለ አይተው ያስተካክላሉ።

ከባድ ደጋን በራሱ ዒላማ አይመታም። ፍጥነት ይጨምራል፣ የፍላጻውን ቅስት ዝቅ ያደርጋል፤ የተኳሹ ክንድ ከተንቀጠቀጠ ግን ትርፉ የለም። በኦሊምፒክ ርቀቱ 70 ሜትር፣ የ10 ነጥቡ ክብ ስፋት 12.2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። እዚያ ርቀት ላይ ወሳኙ ፍላጻዎቹ በክብደት፣ በስፓይንና አውታሩን በሚይዘው የጭራ ሹካ አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው። ብዙዎች ፍላጻዎቻቸው ላይ ቁጥር ይጽፋሉ። ለምሳሌ 4 ቁጥር ደጋግማ ከጓደኞቿ ከተነጠለች ሹካዋ ይቀየራል፤ ካልሆነላት ከውድድሩ ኮሮጆ ትወጣለች።