በትንሹ የሚሠራው ብረት ለበስ መኪና
(በሬዲዮ ከቀረበው ንግግር የተወሰደ)



የዛሬው ንግግራችን በትርፍ ጊዜ ስለሚሠራ አንድ የእጅ ሥራ ነው። ይኸውም እንግሊዞች በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተጠቀሙባቸውን ብረት ለበስ መኪናዎች በትንሹ አስመስሎ መሥራትና ቀለም መቀባት ነው። ነገሩን ለሚሰማው ሰው የልጅ መጫወቻ ይመስላል። ነገር ግን ሥራውን በሚገባ የያዘ ሰው እጁን ብቻ ሳይሆን ኅሊናውንም ያሠለጥንበታል፤ በእርግጥ የሚያውቀውን ከሚገምተው ለይቶ ማየትን ይማርበታልና።

በመጀመሪያ የመኪናውን ታሪክ በአጭሩ ማወቅ ያስፈልጋል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ1914 ጦርነቱ እንደ ተጀመረ፥ በኮማንደር ቻርልስ ሳምሶን የሚመራ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የአየር ክፍል በቤልጅግና በሰሜን ፈረንሳይ ጠረፍ ሰፍሮ ነበር። አውሮፕላን በወደቀ ጊዜ አብራሪውን የሚያነሡ፥ የጠላትንም አኳኋን የሚሰልሉ ፈጣን መኪናዎች ስላስፈለጉት፥ በደንከርክ ከተማ በሚገኝ የመርከብ መሥሪያ ተራ መኪናዎችን የብረት ሉሕ አስለበሰ። እነዚህ የመጀመሪያ መኪናዎች ግን ከላይ ክፍት ስለ ነበሩ፥ ከፎቅ ወይም ከዛፍ ላይ ለሚተኩስ ጠላት የተጋለጡ ሆኑ። ስለዚህ ባሕር ኃይሉ ከላይም የተሸፈነ አዲስ ዓይነት መኪና አሠራ፤ የመጀመሪያዎቹ 3 መኪናዎችም በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ተረከቡ።

አዲሱ መኪና የተሠራው «ሲልቨር ጎስት» በሚባለው የሮልስ ሮይስ መኪና ሻንሲ ላይ ነው። ሞተሩ ባለ 6 ሲሊንደር ሲሆን ይዘቱ 7.4 ሊትር ያህል ነበር። የለበሰው ብረት ውፍረት 8 ሚሊሜትር ያህል፥ የመኪናው ክብደት ደግሞ 4 ቶን ያህል ነበር። በላዩ ዙሪያውን የሚዞር የብረት ማማ አለው፤ ከማማውም በውሃ የሚቀዘቅዝ አንድ የቪከርስ መትረየስ ብቅ ይላል። ከኋላ ዕቃ የሚጫንበት ጠፍጣፋ ስፍራ ሲኖር፥ ክብደቱን እንዲችሉ የኋላ ጎማዎቹ በያንዳንዱ ወገን ጥንድ ናቸው።

በፈረንሳይ አገር ምሽግ ከባሕር እስከ ተራራ ድረስ ከተቈፈረ በኋላ መኪናው መንገድ አጣ። በ1915 አብዛኞቹ ከባሕር ኃይል ወደ ምድር ጦር ተዛወሩ፤ ሜዳው ሰፊ ወደ ሆነበት ወደ ግብፅና ወደ ዐረብ በረሃም ተሻገሩ።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንመለስ። ብዙዎች የሚመርጡት መጠን 1 ለ35 የሚባለው ነው፤ ይህም ማለት የእውነተኛው መኪና 35 ሴንቲሜትር በአምሳያው 1 ሴንቲሜትር ይሆናል ማለት ነው። 5 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሮልስ ሮይስ 14 ሴንቲሜትር ያህል ሆኖ በመዳፍ ላይ ይቀመጣል። ክፍሎቹ ከፕላስቲክ ተሠርተው በሣጥን ይሸጣሉ። ሠሪው እያንዳንዱን ክፍል በምላጭ ቈርጦ፥ ትርፉን በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሎ፥ ሙጫ ሳይነካው አስቀድሞ ገጥሞ ይሞክረዋል። ሙጫው ፕላስቲኩን ጥቂት አሟሙቶ ሁለቱን ክፍል አንድ የሚያደርግ ስለ ሆነ፥ ከተያያዘ በኋላ መጸጸት ዋጋ የለውም።

እዚህ ላይ መጠን የሚያመጣውን ችግር ልብ ይሏል። 8 ሚሊሜትር ብረት በዚህ መጠን ሲሰላ የ1 ሚሊሜትር ሩብ እንኳ አይሞላም። የፕላስቲኩ ጠርዝ 1 ሚሊሜትር ቢሆን፥ መኪናው 35 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብረት የለበሰ ይመስላል። ስለዚህ አስተዋይ ሠሪ የበሮቹንና የፓራፋንጎዎቹን ጠርዝ ከውስጥ በኩል እየሞረደ ያሳሳል። ቀለሙም ወፍራም ከሆነ የችንካሮቹን ራስ ስለሚደፍን፥ በቀጭኑ ደጋግሞ መቀባት ይሻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ሕግ ግን ዓመቱንና ቦታውን ሳይወስኑ የቀለም ቆርቆሮ አለመክፈት ነው። የ1914ቱ መኪና ቸርኬ እንደ ብስክሌት ቀጫጭን ራጂ ያለው ነበር። በ1920 የወጣው ዓይነት ግን ድፍን የብረት ቸርኬ አለው። በ1924 የወጣው ደግሞ በማማው አናት ላይ ለአዛዡ መመልከቻ የሚሆን ትንሽ ጕልላት ተጨምሮለታል። በ1940 በሰሜን አፍሪካ ከጣሊያኖች ጋር የተዋጋው 11ኛው ሁሳርስ የተባለው የእንግሊዝ ሬጅመንት ይህን የ1924ቱን ዓይነት ይዞ ነበር። በእንግሊዝ አገር በቦቪንግተን የታንክ ሙዚየም የሚታየው ሮልስ ሮይስ የ1920ው ዓይነት ነው። ስለዚህ ሙዚየሙን ብቻ ተመልክቶ የ1914ቱን መኪና የሚሠራ ሰው፥ በዓይኑ አይቶ ይሳሳታል።

በዚህ ስሕተት የዚህ ንግግር አቅራቢም ወድቆ ያውቃል። ብዙ ምሽት ደክሜ የጨረስሁትን መኪና «በረሃ፥ 1916» የሚል ጽሑፍ ለጥፌበት በመደርደሪያ ላይ አኖርሁት። አንድ አዋቂ ሽማግሌ እንግዳ ሆነው በመጡ ጊዜ ብድግ አድርገው ካዩት በኋላ፥ «ልጄ፥ ይህ ቸርኬ ገና ያልተሠራ ነው እኮ» አሉኝ። ጽሑፉን መቀየር ቀላል ነበር፤ ቸርኬውን መንቀል ግን መኪናውን ሊሰብረው ይችል ነበር። ሦስት ቀን ካመነታሁ በኋላ ነቀልሁት፤ አንዱ የጎማ ዘንግም ተሰበረ። የተጠገነበት ጠባሳ ዛሬም ይታያል።

የቀለሙ ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። ፎቶግራፎቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው። በዚያን ዘመን ይሠራበት የነበረው የፎቶግራፍ ሰሌዳ በብዛት ቀይ ብርሃንን የማይቀበል ስለ ነበረ፥ ቀይ ምልክት ጥቁር መስሎ፥ ሰማያዊው ነጣ ብሎ ይታያል። የባሕር ኃይል ንብረት የነበሩትን የ1914 መኪናዎች ብዙ ሠሪዎች ግራጫ፥ የበረሃዎቹን ደግሞ የአሸዋ መልክ ይቀቧቸዋል። የቀለሙ ድምቀትም በርቀት ይለካል። አምሳያውን ከግማሽ ሜትር የሚያይ ሰው፥ ከእውነተኛው መኪና 17 ሜትር ተኩል ርቆ እንደ ቆመ ይቈጠራል። ከሩቅ የሚታይ ነገር ደግሞ ይደበዝዛልና፥ በቀለሙ ላይ ጥቂት ነጭ መጨመር ይገባል። በመጨረሻም አቧራው ጎማ በሚረጭበት፥ የቀለሙም መፋቅ እጅና ጫማ በሚነካው ቦታ ብቻ ይሁን። በየዕለቱ የሚነዳ መኪናን ሁለንተናውን ዝገት ማልበስ ከእውነት መራቅ ነው።

አሁን ደግሞ ሠሪው ሊረሳው የማይገባውን እንንገራችሁ። በኖቬምበር 5 ቀን 1915 «ታራ» የተባለች የእንግሊዝ መርከብ በግብፅ ጠረፍ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ ሰጠመች። የተረፉት መርከበኞች ለሰኑሲ ተዋጊዎች ተሰጥተው ቢር ሐኬም በሚባል የበረሃ የውሃ ጕድጓድ አጠገብ ታሰሩ፤ ከረኃብም የተነሣ የበረሃ ቀንድ አውጣ እስከ መብላት ደረሱ። በማርች 17 ቀን 1916 በዌስትሚንስተር መስፍን የሚመሩ ብረት ለበስ መኪናዎች ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ በረሃ አቋርጠው ደረሱላቸውና ነፃ አወጧቸው። ጠባቂዎቻቸው ግን በዚያው ሰዓት በመትረየስ ተገደሉ። አንዱ መኪና ለአንዱ ወገን ሕይወት፥ ለሌላው ሞት ይዞ መጣ።

ይህን የሚያውቅ ሰው፥ ወረንጦ ይዞ ያችን የመርፌ ያህል ቀጭን መትረየስ በማማው ላይ ሲተክል እጁ ጥቂት ቢዘገይ ተገቢ ነው። የሚሠራው ጌጥ ብቻ ሳይሆን ምስክርነትም ነውና። ምስክር ደግሞ ያየውን አሳምሮ ሳይሆን አስተካክሎ ይናገራል። ቸርኬውን በዓመቱ፥ ቀለሙን በቦታው፥ መትረየሱንም በሥራው ልክ ያኖረ ሰው፥ በ14 ሴንቲሜትር ውስጥ ብዙ እውነት ማኖር ይችላል።