ሕክምና የት ይጠና? ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት የሚነሱ ጥያቄዎች

ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲቀሰቀስ በከተማዋ ዩኒቨርሲቲዎች ሕክምና ያጠኑ የነበሩ በርካታ ተማሪዎች መማሪያ ክፍላቸውንም ሆስፒታላቸውንም በአንድ ጊዜ አጡ። ከመካከላቸው ከሶማሊያና ከሌሎች የቀጣናው አገራት የሄዱ ይገኙበታል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በዩክሬን የነበሩ አፍሪካውያን የሕክምና ተማሪዎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ በፖላንድ ድንበር ተሰልፈው ነበር። በቻይና ይማሩ የነበሩትና ለዕረፍት ወደ አገራቸው የተመለሱት ደግሞ እአአ በ2020 ድንበር ሲዘጋባቸው ከሁለት ዓመት በላይ ትምህርታቸውን በኮምፒውተር ለመከታተል ተገደዋል። የታካሚን ሆድ ዳስሶ መመርመርን ግን በኮምፒውተር መማር አይቻልም።

እነዚህ አጋጣሚዎች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ የሚነሳውን ጥያቄ አክብደውታል። ልጃችን ሕክምናን የት ይማር? አገር ቤት ባለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ በግል ኮሌጅ፣ በጎረቤት አገር ወይስ ባሕር ተሻግሮ? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ከዩኒቨርሲቲው ዝናና ከክፍያው ነው። ሕክምና ግን ከብዙ የትምህርት ዘርፎች የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ዲግሪ የያዘ ሁሉ ሐኪም ሆኖ አይሠራም። የሚሠራው የአንድ አገር ተቆጣጣሪ አካል የሙያ ፈቃድ ሲሰጠው ነው። ስለዚህ "የት ልማር?" ከሚለው በፊት "የት አገር ማከም እፈልጋለሁ?" የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት ይኖርበታል።

'ዕውቅና ያለው' ሲባል

ተማሪዎችን ወደ ውጭ የሚልኩ ወኪሎች ከሚያሰራጯቸው ማስታወቂያዎች በአንዳንዶቹ ላይ "በዓለም ጤና ድርጅት ዕውቅና የተሰጠው" የሚል ሐረግ ይነበባል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለሕክምና ትምህርት ቤቶች ዕውቅና አይሰጥም። ድርጅቱ ቀደም ሲል የትምህርት ቤቶቹን ማውጫ ያሳትም ስለነበር ሐረጉ ከዚያ ዘመን የተረፈ ይመስላል። ዛሬ በኢንተርኔት በነጻ የሚገኘው የዓለም የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማውጫም ቢሆን በዝርዝሩ ውስጥ መካተት የጥራት ማረጋገጫ አለመሆኑን ራሱ ይገልጻል።

ማውጫው ግን ጥቅም አለው። ለምሳሌ ወደፊት በአሜሪካ ለመሥራት የሚያስብ ተማሪ፣ የትምህርት ቤቱ ምሩቃን የአሜሪካን የሐኪሞች ፈቃድ ፈተና ለመውሰድ ማመልከት መቻላቸውን የሚያመለክት ማስታወሻ በስሙ ሥር መስፈሩን፣ የትኞቹን የምረቃ ዓመታት እንደሚሸፍንም ጭምር እዚያው መመልከት ይችላል። ከእአአ 2024 ጀምሮ ደግሞ የውጭ ምሩቃንን ማስረጃ የሚያጣራው የአሜሪካ ተቋም፣ ትምህርት ቤቱን የገመገመው አካል በዓለም የሕክምና ትምህርት ፌዴሬሽን የታወቀ መሆን አለመሆኑን ማሳወቅ ጀምሯል።

ወደ አገሩ ለመመለስ ያሰበስ? በኢትዮጵያ በውጭ አገር የተገኘ ዲግሪ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ይሰጠዋል፤ ሥራ ለመጀመር ደግሞ የጤና ሚኒስቴርን የብቃት ምዘና ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። በኬንያ፣ ውጭ የተማሩ ምሩቃን ኢንተርንሺፕ ከመጀመራቸው በፊት የአገሪቱ የሐኪሞች ምክር ቤት ለሚያዘጋጀው ፈተና ይቀመጣሉ።

የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አገራት ተቆጣጣሪዎች የሕክምና ትምህርት ቤቶችን በጋራ ይፈትሻሉ፤ አንዱ አገር ያስመረቀውን ሐኪም ሌላው የሚቀበልበት ስምምነትም አላቸው። ይህ እአአ በ1924 በተመሠረተው የኡጋንዳው ማኬሬሬ የሕክምና ትምህርት ቤት ለሚማር ኬንያዊ ትልቅ ጥቅም ነው። ኢትዮጵያ የማኅበረሰቡ አባል ስላልሆነች ግን፣ እዚያው ክፍል አብሮት የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ ወደ አገሩ ሲመለስ ስምምነቱ አያገለግለውም። በአንድ ክፍል ተምረው፣ አንድ ዲግሪ ይዘው፣ የሚጠብቃቸው መንገድ ይለያያል።

ከሕንፃው ይልቅ ሆስፒታሉን

የሕክምና ትምህርት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በመማሪያ ክፍልና በቤተ ሙከራ ያልፋሉ። ሐኪም የሚሠራው ግን ከዚያ በኋላ፣ በታካሚ አልጋ አጠገብ ነው። የትምህርት ቤቱን ጥንካሬ ከሁሉ በላይ የሚናገረውም ይኸው ነው፤ የራሱ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለው ወይስ በውል ይዋሳል? ሆስፒታሉን ስንት ኮሌጆች ይጋሩታል? በቋሚነት የሚያስተምሩ ስፔሻሊስቶች ስንት ናቸው?

በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት ሐኪም የሚያስመርቁት አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ጅማ ብቻ ነበሩ። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት የሐኪም እጥረትን ለመቅረፍ ትምህርት ቤቶቹ በብዛት ተከፈቱ፤ በዓመት የሚቀበሏቸው ተማሪዎችም ከጥቂት መቶዎች ወደ ሺዎች አደጉ። የመምህራንና የአልጋ ቁጥር ግን በዚያው ፍጥነት አልጨመረም። ስመ ጥር በሆነ ተቋም በአንድ ታካሚ ዙሪያ ከኋላ ተንጠራርቶ የሚመለከት ተማሪ፣ ብዙም በማይታወቅ የክልል ሆስፒታል በገዛ እጁ ከሚያዋልድ ተማሪ ያነሰ ሊማር ይችላል። ይህን ለማወቅ ድረ ገጽ ከማገላበጥ የአራተኛና የአምስተኛ ዓመት ተማሪዎችን መጠየቅ ይበልጣል። "አንድ ታካሚ ስትመረምሩ ስንት ሆናችሁ ነው?" የሚለው አጭር ጥያቄ ብዙ ይገልጣል።

ቋንቋም አለ። በቻይና ለውጭ ተማሪዎች ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሊሰጥ ይችላል፤ ታካሚው ግን ሕመሙን የሚናገረው በቻይንኛ ነው። የካርቱም ታካሚ በአረብኛ፣ የካምፓላው ብዙ ጊዜ በሉጋንዳ ይናገራል። አገር ቤትም ቢሆን ጅማ የተመደበ አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ አፋን ኦሮሞ ካልለመደ የታካሚውን ታሪክ የሚሰማው በአስተርጓሚ ነው። "ያቃጥለኛል" እና "ይወጋኛል" በሚሉት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ለሐኪም የምርመራ ፍንጭ ነው፤ በትርጉም መሐል በቀላሉ ይጠፋል። ቋንቋውን የማያስተምር፣ ወይም "በእንግሊዝኛ ስለሆነ አያስፈልግም" የሚል ትምህርት ቤት ሊያጠራጥር ይገባል።

ክፍያው እና ከምረቃ በኋላ

ክፍያን በተመለከተ የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ብዙም አይናገርም። ሕክምና ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ምንዛሪ ይለዋወጣል። ኢትዮጵያ ሐምሌ 22/2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ስታደርግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የልጁን የውጭ ትምህርት በብር ገቢ የሚከፍል ወላጅ፣ ዩኒቨርሲቲው አንድ ዶላር ሳይጨምርበት ወጪው በእጥፍ ሊጠጋ ነው።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ኢንተርንሺፕ ነው። ያለ እርሱ ሙሉ ፈቃድ አይገኝም፤ ቦታውን የሚመድበውና ደመወዙን የሚከፍለው ግን በአብዛኛው መንግሥት ነው። በኬንያ እአአ በ2024 ሐኪሞች ለ56 ቀናት ሥራ ካቆሙባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ነበር። ምሩቃን ምደባ ሲጠባበቁ ቆይተው፣ መንግሥት ቀደም ሲል በስምምነት ከተወሰነው 206,000 ሽልንግ ይልቅ በወር 70,000 ሽልንግ ለመክፈል አሰበ። በሕንድም ሆነ በሩሲያ ተምሮ ኢንተርንሺፑን አገሩ ለመሥራት የተመለሰ ኬንያዊም ፈተናውን ካለፈ በኋላ የሚሰለፈው በዚሁ ወረፋ ነው።