የዩኤስቢ በር ሲዘጋ ገመዱን ለመንቀል አይቸኩሉ

በሰበታ፣ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ የስልክና የኮምፒውተር ጥገና ለሚሠራ ባለሙያ የዩኤስቢ ገመድ ዋነኛ መመርመሪያው ነው። የታመመውን መሣሪያ ከደህና ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ የውስጥ ሁኔታውን የሚያነበው በዚሁ ገመድ ነው። ንባቡ በድንገት ሲቋረጥ ታዲያ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ ገመዱን ነቅሎ መልሶ መሰካት ነው። ግንኙነቱ ሊመለስ ይችላል፤ ነገር ግን ስለ ብልሽቱ የሚናገረው መረጃ በዚያው ሊጠፋ ይችላል። የዚህ ዋጋ ያልታወቀ ብልሽት፣ አንዳንዴም ያለ ምክንያት የተቀየረ ቦርድ ነው።

ለመሆኑ ንባቡ የሚቋረጠው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት «ስቶል» የሚባለው ምልክት ነው። በአንድ የዩኤስቢ ገመድ ላይ መረጃ የሚመላለሰው «ኢንድፖይንት» በሚባሉ የተለያዩ በሮች ነው። እነዚህን በሮች ከአዲስ አበባ መውጫዎች ጋር ማነጻጸር ይቻላል። የጅማ ተጓዥ በሰበታ፣ የአምቦ ተጓዥ በቡራዩ፣ የጎጃም ተጓዥ ደግሞ በሱሉልታ ያልፋል። የቡራዩ መንገድ ለጊዜው ቢዘጋ የሌሎቹ ሁለቱ ጉዞ አይቆምም። ኢንድፖይንትም እንዲሁ ነው። አንዱ ቢቆምም መሣሪያው ሞቷል ማለት አይደለም።

መሣሪያው ሥራ ሲበዛበት «ቆይ፣ አልደረስኩም» የሚል ምላሽ ይሰጣል፤ ኮምፒውተሩም ደግሞ ይሞክራል። ስቶል ግን «ይህ በር ተዘግቷል» ማለት ነው። የዳታ በር ከሆነ ደጋግሞ መሞከር ጥቅም የለውም፤ ኮምፒውተሩ በሩ እንዲከፈት የሚያዘውን የ«ክሊር ፊቸር» ትእዛዝ መላክ አለበት። ከዚህ ደንብ ውጭ የሆነው ዋናው የመቆጣጠሪያ በር፣ ማለትም ኢንድፖይንት ዜሮ ነው፤ እሱ በሚቀጥለው ጥያቄ ራሱ ይከፈታል። ሊኑክስ ስቶልን ለድራይቨሩ የሚያሳውቀው በስህተት ቁጥር 32 ነው።

በሩን መክፈት ብቻውን በቂ አይደለም። በዩኤስቢ 2.0 የዳታ ፓኬቶች «ዳታ ዜሮ» እና «ዳታ አንድ» እየተባሉ በተራ ይላካሉ። በሩ ሲከፈት ሁለቱም ወገኖች ቆጠራውን ከዜሮ መጀመር አለባቸው። አንዱ ወገን ብቻ ከጀመረ ተቀባዩ አዲሱን ፓኬት ቀድሞ የደረሰው ይመስለዋል። «ደርሶኛል» ብሎ ይመልስና ይጥለዋል። ስህተት ሳይመዘገብ መረጃ ይጠፋል ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ ልምድ ያላቸውን ፕሮግራመሮች ሳይቀር ፈትኗል። በዩኤስቢ 3 የኮምፒውተር ብልሽት መመርመሪያ የሆነ «ዲቢሲ» የተባለ ክፍል አለ። በዚህ አሠራር የሚመረመረው ኮምፒውተር ራሱን እንደ ተሰኪ መሣሪያ ያቀርባል፤ የተዘጋ በር እንዲከፈት የሚያዘው ደግሞ መርማሪው ኮምፒውተር ነው። የሊኑክስ ድራይቨር ቀደም ሲል አንድ በር ሲቆም በዚያው በር በመጠባበቅ ላይ ያሉትን የመረጃ ጥያቄዎች በሙሉ ይሰርዝ ነበር። የቡራዩ መንገድ ለጊዜው ቢዘጋ በዚያው መንገድ የሚጠብቀውን ጭነት ሁሉ እንደ ማራገፍ ነው።

በ2024 እ.ኤ.አ. የኢንቴሉ ማቲያስ ናይማን ይህንን አሠራር የሚያርም ማስተካከያ አቀረበ። ድራይቨሩ ሁሉንም መሰረዙን ትቶ በሩ እስኪከፈት እንዲጠብቅ ተደረገ። በሩ ሲከፈት ሥራው ካቆመበት ቦታ ስለሚቀጥል፣ ምላሽ የተሰጠበት ጥያቄ እንደገና እንዳይላክ ወደ ባዶ ትእዛዝ ይቀየራል። ሌላው ፕሮግራመር ሉካስ ባርቶሲክ ደግሞ አንድ አስገራሚ ነገር ደርሶበታል። መርማሪው ኮምፒውተር ያልተዘጋን በር «ክፈት» ብሎ ሲያዝ ሐሰተኛ የስቶል ምልክት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ድራይቨሩ ምልክቱን ሁሉ ማመን የለበትም፤ በሩ በእርግጥ መዘጋቱን ማጣራት አለበት።

ድራይቨር ለሚጽፍ ባለሙያ ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ የቆመውን በር ለይ፣ መዘጋቱን አረጋግጥ፣ እሱን ብቻ ክፈት፣ ቆጠራውን በሁለቱም ወገን አስተካክል፣ የሌሎቹን በሮች ሥራ አትንካ። ለጥገና ባለሙያውም የሚሆን ምክር አለ። ንባቡ ሲቋረጥ እጅዎን ወደ ገመዱ ከመስደድዎ በፊት ኮምፒውተሩ የመዘገበውን መልእክት አንብበው ያስቀምጡ። የተዘጋ በር ሊከፈት ይችላል፤ የጠፋ መረጃ ግን ገመዱ ተመልሶ ቢሰካም አይመለስም።